ቃለ መሃላሽ ላይ ዓመቱ ተሳስቶ ከሆነ ዝም አትበዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለአሳይለም (ለጥገኝነት) ኬዝሽ የገባው ቃለ መሃላ የታሰርሽበትን ዓመት አሳስቶታል፣ ሂሪንግሽ፣ ማለትም ዳኛ ፊት የምትቀርቢበት ቀን፣ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ የተረጎመልሽ ሰው ደግሞ «ተዪው፣ ዳኛው አያየውም» ብሎሻል። እባክሽ አትተዪው። ዳኛው ባያየው የመንግሥት ጠበቃው ያየዋል፤ ሥራው ነው።

እኔም እዚሁ አሜሪካ ደርሶብኛል። የታሰርኩት ታኅሣሥ 5 ቀን 2008 ነው። በፈረንጅ ዲሴምበር 15፣ 2015 ማለት ነው። ተርጓሚው ግን 8 ደመረና 2016 አደረገው። ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከጃንዋሪ 1 በኋላ ነው። አንዲት ቁጥር ናት። ፓስፖርቴ ላይ ያለው የመውጫ ማህተም ግን ሜይ 2016 ይላል። በወረቀቱ መሠረት እኔ የታሰርኩት ከአገር ከወጣሁ ከሰባት ወር በኋላ ነው! ይህን ያየሁት አንድ ሌሊት ወረቀቶቹን አልጋ ላይ ዘርግቼ ሳገላብጥ ነው። እስኪነጋ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሪል አይዲ አክት የሚባለው ሕግ ለዳኛው ሰፊ ሥልጣን ሰጥቶታል። ከታሪክሽ ዋና ነገር ጋር የማይገናኝ ትንሽ ልዩነትም ቢሆን እውነት መናገርሽን ለመመዘን ሊጠቀምበት ይችላል። የሚመዝነው ግን ሁሉንም ነገር አንድ ላይ አይቶ ነው። ስለዚህ ስህተቱን ቀድመሽ ራስሽ ማቅረብሽና በመስቀለኛ ጥያቄ መሃል መያዝሽ በጣም ይለያያል።

እኔና ጠበቃዬ የድሮውን ወረቀት አልነካነውም። የማልሽበት ነውና ገጽ መቀየር፣ በፍሉድ ማጥፋት ፈጽሞ አይሆንም። አንድ ገጽ ተጨማሪ ቃለ መሃላ ጻፍን፦ «አንቀጽ 9 ላይ ዲሴምበር 2016 የተባለው ዲሴምበር 2015 ተብሎ ይታረም።» ስህተቱ ከምን እንደመጣና መቼ እንዳየሁት ጨመርኩና እንደገና ፈረምኩ። ተርጓሚውም ቀኑን ሲቀይር የተሳሳተው እሱ መሆኑን በራሱ ቃል ጽፎ ፈረመ። ይህ በጣም ጠቅሞኛል፣ ያንቺንም ለምነሽ አስጽፊው። በኢትዮጵያ ቀን የተጻፈውን የሕክምና ወረቀቴን ከነትርጉሙና ከተርጓሚው የተፈረመ ማረጋገጫ ጋር አያያዝን። ኮፒው ለመንግሥት ጠበቃውም ተላከ።

በሂሪንጉ ቀን ዳኛዋ ገና ሳታስምለኝ አይ-589 በሚባለው የአሳይለም ማመልከቻ ፎርም ላይ የሚስተካከል ነገር ካለ ጠየቀች። እሱም ላይ ያው የተሳሳተ ዓመት ስለነበር ጠበቃዬ ተናገረች፣ እዚያው ታረመ። የመንግሥት ጠበቃው ስለ ቀኑ ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት፣ አለፈ።

ማረሚያ ብለሽ ግን አዲስ ታሪክ እንዳትጨምሪበት። ያልተጻፈ ሌላ እስር ካለ ለጠበቃሽ ለብቻው ንገሪያት፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እግረ መንገድሽን ሙሉውን ቃል በአማርኛ ቃል በቃል አስነብቢ። ሰዓቱንም እዪ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ያልሽው እንግሊዝኛው ላይ 3 ሆኖ እንዳይቀር፣ 9 ነው መሆን ያለበት። «ወንድሜ» ያልሽው የአጎትሽ ልጅ ከሆነም ይስተካከል፣ ፎርሙ ላይ የወንድሞችሽ ስም ተዘርዝሯልና።

ለጠበቃሽ ነገ ጠዋት ደውዪላት። ሁለት ወር ብዙ ይመስላል፣ ወረቀት የማስገቢያው ቀነ ገደብ ግን ከሂሪንጉ ቀድሞ ነው የሚያልቀው።