ተከፍሏል የሚል ማኅተም

ልጆቼ፣

ኃጢአት ደስ አይልም ብሎ የሚሰብካችሁን ሰው አትመኑት። ደስ ባይልማ ማን ይሠራው ነበር? መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ አልካደውም። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 ስለ ሙሴ ሲናገር «ለጊዜው በኃጢአት ከሚገኝ ደስታ ይልቅ ከእግዚአብሔር ሕዝብ ጋር መከራ መቀበልን መረጠ» ይላል። ደስታነቱን አምኖ ዕድሜው አጭር መሆኑን ነው የነገረን። እኔም ከዚሁ ልነሣ፤ አለዚያ ወጣትነቷን የረሳች አሮጊት ናት ብላችሁ ገና ከመጀመሪያው ጆሯችሁን ትነፍጉኛላችሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በውስጥ ኦዲት ሥራ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ቢሮ ሳለሁ ልጆቹ «እትዬ» ይሉኝ ነበር፤ ፊት ለፊት ማለቴ ነው፣ ከኋላዬ የሚሉኝን እነሱ ያውቃሉ። ኦዲተር የሚወደድበት መሥሪያ ቤት ገና አልተከፈተም።

ጊዜያዊ ደስታ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ጭፈራ ቤት፣ መጠጥ፣ ሺሻ፣ ዝሙት ነው። እነዚህ ስንቱን ብርቱ ልጅ እንደበሉ አይቻለሁ፤ አልክድም። ነገር ግን እሑድ እሑድ የሚያስቀድስ፣ ረቡዕና ዓርብን የማይሽር፣ የጭፈራ ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ልጅ ነፍሱን የሚሸጠው ሌላ ቦታ ነው። እኔ ሲሸጥ ያየሁት የውሎ አበል ቅጽ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ለመስክ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣል። ሥራው በሁለት ቀን ያልቃል፣ ቅጹ ላይ ግን አምስት ቀን ይሞላል። የአልጋ ደረሰኝም ይያያዛል። ከሦስት ከተማ፣ ከሦስት ሆቴል መጣ የተባለው ደረሰኝ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ «ሺህ» የምትለዋ ቃል እንኳ በሦስቱም ላይ እኩል «ሽህ» ተብላለች። ጠርቼ ስጠይቀው አይዋሽም፣ ይገርማችኋል። «እትዬ፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው። በዚህ ደመወዝስ ማን ይኖራል?» ይለኛል። ስለ ደመወዙ የተናገረው እውነት ነው። የቤት ኪራዩንም የጤፉንም ዋጋ እኔም እከፍለዋለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ሰይጣን ቀንድ አብቅሎ መጥቶ ነፍስህን ሽጥልኝ አላለውም። ከመንገድ ደክሞት ተመለሰ፣ ኪራይ ደርሶበታል፣ ቅጽ ሰጡት፣ «ሞልተህ ፈርም» አሉት። በቃ ይኸው ነው።

ዔሳውም ያው ነው። ዘፍጥረት 25ን ሳነብ ክፉ ሰው አይታየኝም፤ የደከመው ሰው ነው የሚታየኝ። ከበረሃ ገብቷል፣ ርቦታል፣ ቀዩ የምስር ወጥ ይሸተዋል። «እነሆ እኔ ልሞት ነው፤ ይህች ብኵርና ለምኔ ናት?» አለ። ሊሞት አልነበረም እኮ! የይስሐቅ ቤት የባለጸጋ ቤት ነው፤ ትንሽ ቢታገሥ የሚበላ አያጣም ነበር። ረኀብ ግን ነገን ከዓይን ይጋርዳል። እኔን የሚያስደነግጠኝ የታሪኩ መጨረሻ ነው፤ «በላ፥ ጠጣ፥ ተነሥቶም ሄደ» ይላል። መብረቅ አልወረደም። ምንም የጎደለበት ሳይመስለው አፉን ጠርጎ ሄደ። እንባው የመጣው ኋላ በረከቱን ፈልጎ ሲያጣት ነው።

ሰኔ 30 ሲቃረብ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። በጀቱ ሥራ ላይ ካልዋለ ተመላሽ ይሆናል ተብሎ ግዢው ሁሉ በጥድፊያ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ፣ በአንድ ቀን ይሰበሰባል፤ ሦስቱም አንዳንዴ ከአንድ ሱቅ ይወጣሉ። አመሻሽ ላይ ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሊወጣ ሲል «አንዷ ፊርማ ብቻ ናት የቀረችው» ይባላል። ሰው የሚወድቀው በዚያች ሰዓት ነው። ስለዚህ ምክሬ ተራ ቢመስልም ያዙት፤ ደክሟችሁ፣ ርቧችሁ ወይም ተናድዳችሁ ሳለ አትፈርሙ። «ጠዋት አምጣው» ማለት ልመዱ። በሌሊት ለሚመጣ የስልክ መልእክትም ያው ሕግ ይሠራል፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የተጻፈ መልስ ጠዋት ሲያዩት ያሳፍራል፣ አንዳንዱም ትዳር ያፈርሳል።

ጾም የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሥጋና ወተት የምንተወው ርኩስ ስለሆነ አይደለም፤ ርኩስ ቢሆን በፋሲካ ባልተመለስንበት። 55 ቀን ሙሉ የተፈቀደውን ነገር «ቆይ» ማለት የለመደ ሰው፣ ያልተፈቀደው ሲመጣ «አይሆንም» የሚልበት ጉልበት አያጣም። እርግጥ ዘንድሮ ጾሙን የምግብ ዝርዝር አድርገነዋል፤ የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ። ሆዳችን የጾም መሆኑን ሳያውቅ ፋሲካ ይደርሳል። ይህን ስል ደስታን እግዚአብሔር ይጠላል ማለቴ አይደለም። ጌታ የመጀመሪያውን ተአምር የሠራው ሰርግ ቤት ነው፤ እኛም ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ብለን እናከብረዋለን። ልጅ መዳር፣ ቤት መሥራት፣ ከጓደኛ ጋር ሣቅና ቡና ከሰማይ የተሰጡ ናቸው። የተበላሸው ደስታ ነገን አስይዛችሁ የምትበደሩት ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። ብዙ ሰባኪ የሚዘላት ነገር አለች፤ እግዚአብሔርን የመረጠ ሰው ዋጋው ቶሎ አይከፈለውም። ዮሴፍ የጲጥፋራን ሚስት «በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ኃጢአትን እሠራለሁ?» ብሎ ሲሸሻት ያገኘው ሹመት አልነበረም፤ ወኅኒ ነበር። ሙሴንም ተመልከቱት። በሐዋርያት ሥራ እንደተጻፈው ወንድሞቹን ሊጎበኝ ሲወጣ 40 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ማለትም የቤተ መንግሥቱን ጣዕም ጠግቦ ያውቀዋል። ያን ጥሎ ያገኘው በምድያም የሰው በግ መጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ በምድረ በዳ በየቀኑ የሚያጉረመርም ሕዝብ። በመጨረሻም በ120 ዓመቱ ናባው ተራራ ላይ ቆሞ ምድሪቱን በዓይኑ አያትና እዚያው ሞተ፤ አልገባባትም። በዚህ ዓለም ስሌት ከሄድን ሙሴ ከስሯል።

ዕብራውያን ግን «ብድራቱን ትኵር ብሎ ተመልክቶአልና» ይለናል። ያየው ከናባው ማዶ ያለውን አገር ብቻ አይደለም። ነሐሴ 13 ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹና ሆያ ሆዬ ሲሉ ብዙዎቻችን ሙልሙሉን እንጂ ነገሩን አናስበውም፤ በደብረ ታቦር ጌታ ፊቱ እንደ ፀሐይ ሲያበራ አጠገቡ ከቆሙት ሁለቱ አንዱ ሙሴ ነው። በሥጋው ያልገባባት ምድር ላይ፣ ስንት መቶ ዓመት ዘግይቶ፣ ከጌታው ጋር ቆሞ ሲነጋገር ሐዋርያቱ አዩት። እኔ ዘገየ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስለዚህ «ዛሬ ስጡ፣ በቅርቡ መኪና ትነዳላችሁ» የሚላችሁን ሰባኪ ስትሰሙ ጠርጥሩት። እየሸጠላችሁ ያለው ያንኑ የምስር ወጥ ነው፣ ሳህኑ ላይ መስቀል ሥሎበት እንጂ። እኛ ኦርቶዶክሶቹም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። «ቪዛው ይውጣልኝ እንጂ ጃንጥላ አስገባለሁ» ስንል ስለት ነው ወይስ ድርድር? ስለት ክፉ ነው አላልኩም፤ ሐናም ተስላ ሳሙኤልን አግኝታለች። ግን ሐና ያገኘችውን ልጅ መልሳ ለቤተ መቅደሱ ሰጠችው። እኛ ቪዛውን መልሰን የሰጠንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ነገር ልዋስ። የክፍያ ሰነድ ገንዘቡ ከወጣበት በኋላ «ተከፍሏል» የሚል ማኅተም ይመታበታል። ያ ወረቀት ዳግመኛ ቀርቦ ሁለተኛ እንዳይከፈልበት ነው። ማኅተሙ ያረፈበትን ሰነድ ሥራው የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን፣ ደረሰኙ የቱንም ያህል ቢሟላ፣ ገንዘብ ያዥ ዞራ አታየውም። ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ስለሚመጸውቱ፣ ስለሚጸልዩና ስለሚጾሙ ሰዎች ሲናገር ሦስት ጊዜ «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» አለ። የሠሩት መልካም ሥራ አይደለም አላለም። ምጽዋቱ ለድሃው ደርሷል፣ ጾሙም ተጾሟል። ግን በሰው ጭብጨባ ተከፍሎበታል፣ ማኅተሙ ተመትቶበታል።

በዚህ በኩል የእናንተ ዘመን ከእኛው ይከብዳል፤ አዝንላችኋለሁ። እኛ የሚያየን ቢበዛ የሰፈር ሰው ነበር። ዛሬ ለነዳይ ዳቦ ሲሰጥ በስልክ የሚቀርጽ ልጅ አያለሁ፤ የድሃው ፊት በሰፊው ይታያል፣ ዳቦው ለመሰጠት ቀረጻው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ጥምቀት ላይ ነጭ ለብሶ ጀርባውን ለታቦቱ፣ ፊቱን ለስልኩ የሰጠውን አልቆጥረውም። ክፉዎች ናችሁ እያልኩ አይደለም። ዘላለም የሚቆይላችሁን ሥራ ለመቶ ሰው አውራ ጣት አትሸጡት ነው የምለው። ማንም የማያውቃት አንዲት በጎ ሥራ ይኑራችሁ፤ እናታችሁ እንኳ የማታውቃት፣ ለጓደኛ ያላወራችኋት፣ ማኅተም ያልተመታባት።

አቡነ ጴጥሮስን አንሥቼ ወደ መጨረሻው ልሂድ። በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ አርበኞቹን እንዲያወግዙ ተጠየቁ። እሺ ቢሉ ነፍሳቸውም መንበራቸውም በተረፈ ነበር። ምክንያት ደግሞ አይጠፋም፤ «ምእመናኑን ማን ይጠብቃል? ጊዜው እስኪያልፍ ነው» ማለት ይቻላል። ውሎ አበል የሚሞላው ልጅ ከሚያቀርበው ምክንያት ይህ በስንት እጥፍ ይሻላል። እምቢ አሉና ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ሐውልታቸውን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ታውቁታላችሁ። ያ ሐውልት ግን ዋጋቸው እንዳይመስላችሁ። ለባቡር መንገዱ ሥራ ተብሎ ተነሥቶ ነበር፣ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ቆመ። የሰው ክብር እንዲህ ነው፤ ያነሡታል፣ ይመልሱታል። የአቡኑ ብድራት ማዘጋጃ ቤት ሊያነሣው የማይችል ቦታ ነው ያለው።

ከእናንተ ግን ብዙዎቻችሁ በጥይት ፊት አትቆሙም፤ እግዚአብሔር አያድርስባችሁ። የምትቆሙት ቅጽ፣ ስልክ፣ ደላላ፣ ባለትዳር ወዳጅ፣ የውርርድ ቤት መስኮት ፊት ነው። ያም በወር አንዴ አይደለም፣ በየቀኑ ነው። የንስሐ አባት ያላችሁ ንገሯቸው፤ የሌላችሁ ያዙ። ብቻውን የሚታገል ልጅ ሲያሸንፍ አይቼ አላውቅም ማለት ይቀለኛል።

ከዚህ ቀደም የማይገባችሁን ወስዳችሁ ከሆነስ? ዘኬዎስ የቀራጮች አለቃ ነበር፤ በእኛ አነጋገር የገቢዎች ሰው። ጌታ ቤቱ ሲገባ አልቅሶ አላበቃም፤ «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ። ንስሐው ሒሳብ ነበረው። እናንተም ከመልካም ፈቃድ አልፋችሁ ወደ ቁጥሩ ግቡ፤ ስንት ቀን፣ ስንት ብር። አራት እጥፉ ቢከብድ ከዋናው ጀምሩ። መሥሪያ ቤቱ ይህን የሚቀበልበት መንገድ የለውም የሚሉ አሉ፤ አለው። ወደ ገንዘብ ያዧ ሂዱ፣ ብሩን አስቀምጡ፣ የገቢ ደረሰኝ ቁረጪልኝ በሏት። ትደነግጥ ይሆናል፣ በሥራ ዘመኗ አይታ ላታውቅ ትችላለች። «ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?» ትላችኋለች። «ከውሎ አበል ተመላሽ» ትበል። ደረሰኙ ላይ ለዚያ የሚሆን መስመር አለ።