ተቅማጡ ቆመ ብለሽ ዚንኩን እንዳታቆሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የዓመት ከአራት ወር ልጅሽን አስቀምጧት ጤና ጣቢያ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ ሰጧት፣ በሦስተኛው ቀን ቆመላት፣ አሁን ማንኪያውን ስታይ ፊቷን ታዞራለች፣ ልተወው ወይ ነው ያልሽው። ከዛ የራስሽ ፀጉር እየረገፈ ስለሆነ ዚንክ ልግዛ አልሽ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ምግብ እምቢ ያለው ትልቁ ልጅሽ ከእሷ የተረፈውን ይውሰድ ወይ ብለሻል። ሦስቱም መልሳቸው ለየቅል ነው። እኔ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ክረምት ሲገባ ይሄን ጥያቄ እሰማዋለሁ ብቻ ሳይሆን እሰለቸዋለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ባረዝመው ታገሺኝ።

የሕፃኗ መልስ አጭር ነው። አታቁሚ፣ አሥሩን ቀን ጨርሺላት።

ብዙ ሰው ዚንክን እንደ ተቅማጥ ማስቆሚያ ነው የሚያየው። እንደዛ ካየሽው ሲቆም መተውሽ ልክ ይመስላል። ግን ሥራው ሌላ ነው። ልጅ ሲያስቀምጠው ከውሃውና ከጨው ጋር ዚንክም ከሰውነቱ ይወጣል፣ የተጎዳው አንጀት ደግሞ ራሱን ለመጠገን የሚፈልገው ያንኑ ዚንክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቅማጡን ቀለል ያደርገዋል፣ ያሳጥረዋል። ቀሪዎቹ ቀናት የጎደለውን መመለሻ ናቸው፣ በሚቀጥሉት ከ2 እስከ 3 ወራት እንደገና የመያዝ ዕድሏንም ይቀንሳሉ። በሦስተኛው ቀን ካቆምሽ ይሄኛውን ጥቅም ነው የምትጥዪው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ ላይ ያወጡት ምክርም ይሄው ነው፦ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከ6 ወር በታች ለሆነ 10 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ከኦአርኤስ ጋር። የልጆቹ ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ ባለ 20 ስለሆነ ለአንቺ ልጅ በቀን አንድ፣ ለጨቅላ ግማሽ ማለት ነው።

ፊቷን ማዞሯ ግን አይገርምም። ዚንክ ብረት ብረት የሚል ጣዕም አለው፣ አምራቾቹ ጣፋጭ ቢጨምሩበትም አፍ ላይ ይቀራል። ማንኪያ ላይ አድርጊው፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጊበት፣ ራሱ ይሟሟል፣ መፍጨት አያስፈልግም። የጡትሽን ወተት አልበሽ ብታሟሚው ደግሞ አንዳንዱ ልጅ ዝም ብሎ ይውጠዋል። ከእህቴ ልጅ ጋር በውሃ ሞክረን አልሆነም፣ በጡት ወተት ነው የተስማማነው። በባዶ ሆድ አትስጫት፣ ያቅለሸልሻል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰችው ሌላ ስጫት፣ ከዛ ካለፈ ተዪው።

ኦአርኤሱን እንዴት እንደበጠበጥሽው አልጻፍሽም። እኔን ከዚንኩ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ልጅ የሚሞተው የሰውነቱ ውሃ ሲያልቅ እንጂ በዚንክ እጥረት አይደለም። ብዙ እናት ልጁ ትንሽ ነው የሚጠጣው ብላ ከፓኬቱ ግማሹን በብርጭቆ ውሃ ትበጠብጣለች። አይሆንም፣ ጨው ይበዛበታል። ፓኬቱ ላይ አንብቢ፣ አንድ ሊትር የሚል ከሆነ ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ነው፣ በሃይላንድ መያዣ መለካት ትችያለሽ፣ ግን የአንድ ሊትሩ መሆኑን እዪ፣ መጠናቸው የተለያየ መያዣዎች እጅሽ ላይ ሊመሳሰሉብሽ ይችላሉ። ስኳር አትጨምሪበት። 24 ሰዓት ካለፈው ድፊው። ባስቀመጣት ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ በማንኪያ፣ ጡቱም ሳይቋረጥ።

እንደገና ከጀመራት ደግሞ ፍላጂል (አንቲባዮቲክ ነው) ወይም ማስቆሚያ ከፋርማሲ እንዳትገዢ። "የሚያስቆም ስጪኝ" የሚሉኝ እናቶች ተቆጥተው ነው የሚሄዱት፣ ይቆጡ። ደም ካየሽ፣ ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ከደከመች ወይም መጠጣት ካቃታት፣ የምትወስደውን ሁሉ ካስመለሰች፣ ባጃጅ ይዘሽ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። እዚህ ግሩፕ ላይ ጽፈሽ መልስ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ፀጉርሽ። እዚህ ላይ ቅር ሊልሽ ይችላል።

የዚንክ እጥረት ፀጉር ያረግፋል፣ እውነት ነው። ግን የሚረግፍ ፀጉር ሁሉ የዚንክ እጥረት አይደለም። ወልደሽ ዓመት አልፎሻል፣ ጡት ታጠቢያለሽ፣ ሹሩባም አጥብቀሽ የምትሠሪ ከሆነ እሱ ብቻውን የግንባሩን ፀጉር ይነቅለዋል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው መርገፍ ሦስተኛው ወር አካባቢ ጀምሮ ብዙዎቹ ላይ በዓመቱ ይመለሳል፣ አንቺ ላይ ካልተመለሰ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብረት ማነስን ነው። በተለይ እዚህ አገር። ጅማ ተቀምጠን ከምግብ ላይ ተነስተን ቡና የማይጠጣ ማን አለ? ቡናውና ሻዩ ከምግቡ ያገኘሽውን ብረት እንዳይመጠጥ ያግዱታል። ቡናሽን አልነካብሽም፣ ከበላሽ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት አዘግዪው ብቻ። ከዛ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ ምርመራ) አሠሪ፣ ከተቻለ የእንቅርት እጢ ምርመራም።

ሳትመረመሪ የትልቅ ሰው ዚንክ ብትገዢስ? ለአንድ ሁለት ሳምንት ምንም አይሆንሽም። ችግሩ ሰው አንድ ብልቃጥ ገዝቶ ሲያልቅ ሌላ መግዛቱ ነው። የምታጠባ ሴት በቀን 12 ሚሊግራም ያህል ይበቃታል፣ ለአዋቂ የላይኛው ጣሪያ 40 ነው። ገበያ ላይ ያለው ብዙው ግን 50 ነው። ያንን ለወራት ስትወስጂ ዚንኩ መዳብን እንዳይመጠጥ ያግደዋል፣ መዳብ ሲጎድል ደግሞ ደም ማነስ ይመጣል፣ ሲብስ ነርቭም ይነካል። ብረት ማነስ የጀመራት ሴት ለፀጉሬ ብላ ዚንክ እየዋጠች ሌላ ደም ማነስ ልትጨምርበት ትችላለች ማለት ነው። የብረት ኪኒን ከታዘዘልሽም ሁለቱን አንድ ላይ አትዋጪ፣ ይሻማሉ። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቴትራሳይክሊን ያሉ አንቲባዮቲኮችንም ዚንክ ሥራቸውን ያደክማል፣ አንቲባዮቲኩን ከዚንኩ ቢያንስ 2 ሰዓት አስቀድሚው።

በኮሮና ጊዜ ዚንክና ቫይታሚን ሲ ከመደርደሪያ ላይ ያለቁበትን ቀን ታስታውሻለሽ። ከዛ ወዲህ ዚንክ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ሆኗል፣ ቴሌግራም ላይ ለወንድ ኃይል ብለው የሚሸጡትማ ሌላ ታሪክ ነው። እጥረት ለሌለበት ወንድ የሚጨምርለት ነገር የለም። ለጉንፋን ገና ሲጀምር የሚመጠጠው ከረሜላ መሰል ዚንክ ቀኑን ትንሽ ያሳጥረው ይሆናል፣ ጥናቶቹ አይስማሙም፣ እኔ ብሬን አላወጣበትም። በአፍንጫ የሚገባ ከሆነ ግን ማሽተት ያጠፋል ተብሎ አሜሪካኖቹ በ2009 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቀውበታል፣ ከውጭ ቢላክልሽም አትንኪው።

የትልቁ ልጅ ነገር፣ አሥሩን ከጨረሰችው የሚተርፍ ኪኒን የለም። ኪኒኑን ለፍላጎት ማምጫ እንዳትለምጂው፣ በቀን 20 ሚሊግራም ለትንሽ ልጅ ብዙ ነው፣ የሚፈቀደው ተቅማጥ ስላለና ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ነው። ይልቅ ምን እንደሚበላ እዪ። ቂጣና የበቆሎ ገንፎ ብቻ ከሆነ እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ዚንኩን ይዞ አይለቀውም። እርሾ የገባበት እንጀራ ይሻላል፣ መቦካቱ ፋይቴቱን ይቀንሰዋል። ባቄላና ሽንብራም ዘፍዝፈሽ ወይ አብቅለሽ ብትሠሪው እንደዛው። ሥጋ ሲገኝ ትንሽም ብትሆን ከሰሃኑ አትጉደል፣ ካልሆነ እንቁላል፣ ከሐሙስ ገበያ ደግሞ የዱባ ፍሬ ገዝተሽ ቆልተሽ አልመሽ ገንፎው ላይ ነስንሺለት። ኪሎው ከቀነሰ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ፍላጎቱ ከጠፋ ግን የሰገራ ምርመራ ይቅደም፣ ትል ሊሆን ይችላል።