«እንዳታስለቅሱት» እስከ መቼ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያለቅስ ይጠቁር ነበር፤ ፋሎት የሚባል የልብ ሕመም ነው ተባልን። ጎረቤቱም ቅሬውም ተረባርቦ ሕንድ ወሰድኩት። ቀዶ ጥገናው ከተሠራለት 8 ወሩ ነው። አሁን ከንፈሩ ቀልቷል፣ ይበላል፣ ይሮጣል። ጣጣው ሌላ ነው። እናቴ «ልቡ ስፌት ነው፣ እንዳታስለቅሱት» ስለምትል ያለውን ሁሉ እናደርጋለን። የ9 ዓመት እህቱን ይማታል፣ እሷ ዝም ነው። እኛ ሕንድ በነበርንበት ሦስት ወር ከአያቷ ጋር ነበረች፤ አሁን ሌሊት አልጋዋን ታረጥባለች። ባለፈው ጉሮሮውን ሲያመው ደግሞ እናቴ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥለት» አለች። ትምህርት ቤትስ ላስገባው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። አብሽሩ።

እናትዎ ከመሬት ተነስተው አይደለም እንዲህ የሚሉት። ፋሎት ያለበት ልጅ በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለው። ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበት መንገድም ጠባብ ነው። ልጁ አምርሮ ሲያለቅስ ያ መንገድ ይባስ ይጠብባል፤ ኦክስጅን ያላገኘው ደም በቀዳዳው ሾልኮ ወደ ሰውነት ይሄዳል። ልጁ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል። ሮጥ ሮጥ ብሎ ቁጢጥ የሚለውም ለዚሁ ነው። ማንም ሳያስተምረው፣ ቁጢጥ ሲል ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም እንደሚጨምር ሰውነቱ ደርሶበታል። ያኔ «አታስለቅሱት» ማለት ራሱ ሕክምና ነበር።

አሁን ግን ቀዳዳው ተደፍኗል፣ መንገዱም ሰፍቷል። ለቅሶው ለቅሶ ብቻ ነው። ስፌቱ በለቅሶ አይተረተርም። ስለዚህ «አይሆንም» ይበሉት። የመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በጩኸት ይናወጣል፤ ይቻሉት። እኔም በወሎ አያት እጅ ያደግሁ ነኝና አንድ ልምከርዎ፦ ይህን ክርክር ብቻዎን አይረቱትም። ለክትትል ደሴ ስትሄዱ እናትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ፣ ከሐኪሙ አፍ ይስሙት።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከልጁ ይልቅ ያሳሰበችኝ እህቱ ናት። ሦስት ወር እናቷ አጠገቧ አልነበረችም። ወንድሟ ይሞት ይሆን እያለች ከርማለች፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳትም ይሆናል። ሲመለስ ደግሞ ስትመታ ዝም በይ ተባለች። አልጋ ማርጠቧ ድፍረት አይደለም፤ አትቆጧት፣ ለጎረቤትም አታውሩባት። በቀን ግማሽ ሰዓት የእሷ ብቻ ይሁን። ቡና ሲፈላ አጠገብዎ ትቀመጥ፣ ገበያም ይዘዋት ይውጡ። ሲመታት ልጁን ፊት ለፊቷ ይገሥጹት። ሽንት ሲወጣ የሚያቃጥላት ከሆነ ወይም ውኃ ከልክ በላይ የምትጠጣ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ትመርመር።

ትምህርት ቤት ይግባ። የደረቱ አጥንት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጋጠማል፤ 8 ወር ከበቂ በላይ ነው። ለመምህሩ ግን ይንገሩ፦ ደከመኝ ካለ ይረፍ፣ እንጂ በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ አይቆለፍበት።

እንጥል ማስቆረጥ? በፍጹም። በምላጩ የገባ ጀርም በደም ሄዶ በተጠገነው ልብ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ይህ ደግሞ ገዳይ ነው። ጉሮሮውን ሲያመው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

የጥርሱም ነገር እንደዚያው ነው፤ የአፍ ጀርም ወደ ልብ መንገድ አያጣም። ጠዋትና ማታ ያስቦርሹት። ጥርስ የሚነቀልለት ከሆነ የልብ ቀዶ ጥገና እንደተደረገለት አስቀድመው ይናገሩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት 6 ወራት፣ ወይም በተደፈነው ቀዳዳ ጠርዝ የሚያፈስ ነገር ከቀረ፣ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ቀናት ከቆየበት ደግሞ ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝተው አይስጡት። ደሙ መጀመሪያ ይመርመር፤ መድኃኒቱ ከቀደመ ጀርሙ በምርመራ ላይገኝ ይችላል። እንደገና ከጠቆረ፣ ራሱን ከሳተ ወይም እግሩና ፊቱ ካበጠ ሳያድሩ ሆስፒታል ያድርሱት።

«ድኗል» ብላችሁ ክትትሉን ግን እንዳትተዉ። ፋሎት ሲጠገን ወደ ሳንባ የሚወስደው የልብ በር (ቫልቭ) ብዙ ጊዜ ደም ወደ ኋላ ማፍሰሱ አይቀርም። ልጁ ምንም ሳይሰማው የቀኙ የልብ ክፍል ዓመታት ቆይቶ ሊሰፋ ይችላል፤ አንዳንዶቹ በጉርምስና ወይም ከዚያ በኋላ አዲስ በር ይገባላቸዋል። ይህን ቀድሞ የሚያሳየው ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። ቀጠሮውን ሐኪሙ ባለው ጊዜ ያክብሩ፣ ዕድሜ ልኩንም ይቀጥላል። ከሕንድ የተሰጣችሁን ወረቀት ኮፒ ያስደርጉ፣ በስልክዎም ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ነገ የሚያየው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።