የከርሰ ምድር እንፋሎትና ሃይድሮጅን፦ ይህ ርዕስ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ በጂኦሎጂ ተመርቄ ጎንደር ቤተሰቤ ጋ ተቀምጫለሁ። ማስተርስ ልማር ነው። ያሰብኩት ርዕስ በከርሰ ምድር እንፋሎት ሃይድሮጅን ለማምረት የሚመች ቦታ መምረጥ ነው። ቤተሰቤ ግን «ባንክ ማስታወቂያ አውጥቷል፣ ሄደሽ ተመዝገቢ» ይሉኛል። ይህ ርዕስ ሥራ ያስገኛል? ጎንደር ተቀምጬስ ልሠራው እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ርዕሱን ወድጄልሻለሁ። «የሃይድሮጅን ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ግን አትጠብቂ። እንጀራ የሚሆንሽ ቦታ የመምረጡ ሙያ ነው። «እዚህ ይሁን፣ እዚያ አይሁን፣ ምክንያቱም...» ብሎ በማስረጃ የሚከራከር ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ይፈለጋል።

ቦታ የሚመረጠው በካርታ ነው፤ ብዙ ተማሪ ግን ካርታውን ሲሠራ ሙቀት ብቻ ያሳድዳል። ፍል ውሃውን፣ እሳተ ገሞራውን፣ የምድሩን ስንጥቅ ይደራርብና ቀይ የሆነውን ቦታ «ተስማሚ» ይለዋል። ይህ የእንፋሎት ካርታ ነው። ሃይድሮጅን ሌላም ነገር ይፈልጋል።

ሂሳቡን አብረን እንየው። እንፋሎቱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኤሌክትሪኩ ውሃውን ይከፍላል። ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 9 ሊትር የተጣራ ውሃም ይበላል፤ ለማጣሪያና ለማቀዝቀዣ የሚሄደው ሳይቆጠር። 1 ሜጋዋት የሚወስድ ኤሌክትሮላይዘር (ውሃውን የሚከፍለው ማሽን) ቀን ከሌት ቢሠራ በቀን 450 ኪሎ ገደማ ያመርታል፣ ከ4000 ሊትር በላይ ውሃም ይጠጣል። ጀሪካን አሰልፎ ውሃ የጠበቀ ጎንደሬ ይህን ቁጥር አቅልሎ አያየውም። እንፋሎት ከፀሐይ የሚሻለው ሌሊትም ስለማይተኛ ነው፤ ውድ የሆነው ማሽን ሥራ ፈትቶ አይቆምም።

አሁን አፋር ውስጥ ያሉ ሁለት ቦታዎችን አወዳድሪ። ዳሎል ሙቀት ሞልቷል። ግን ከባሕር ወለል በታች ያለ፣ ጨውና አሲድ የበዛበት ምድር ነው፤ ንጹህ ውሃ እዚያ ብርቅ ነው፣ ብረቱንም ዝገት ይበላዋል። ተንዳሆ ደግሞ ሙቀት አለው፣ ጉድጓድም ተቆፍሮበታል፣ አዋሽ ቅርቡ ነው፣ የጅቡቲ መንገድም በዚያው አካባቢ ያልፋል። የሙቀት ካርታው ላይ ሁለቱም ቀይ ናቸው። ውሃና መንገድ ስትጨምሪ ግን ይለያያሉ። ተንዳሆም ቢሆን በነፃ አይገኝም። አዋሽን የሚጠጣው የአፋር አርብቶ አደርና መስኖው ቀድመው አሉ። ይህን ካርታሽ ውስጥ ካላስገባሽ ሥራሽ ጎዶሎ ነው።

ገዢውንም አትርሺ። ሃይድሮጅን በቀላሉ አይጓጓዝም። አሞኒያ ሆኖ ወደ ማዳበሪያ ሲገባ ግን ትርጉም አለው፤ ደምቢያ ላይ ዩሪያ የሚጠብቀው ገበሬ ማዳበሪያው የሚመጣለት ከውጭ ነው። ስለዚህ ከመንገድና ከማሰራጫ መስመር ያለው ርቀት አንድ መስፈርት ይሁን።

ጎንደር ተቀምጠሽ ይሠራል፣ አዎ። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ፣ የላንድሳትና የሴንቲኔል ሳተላይት ምስሎችም እንዲሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ አፋር ላይ ቀን የተነሳ የሙቀት ምስል ፀሐይ ያጋለውን ጥቁር ባዛልት የእንፋሎት ቦታ አስመስሎ ያሳይሻል። አስተር የተባለው የሳተላይት ካሜራ ሌሊት ያነሳውን ምስል ፈልጊ።

ፓርክ፣ የሰው መንደርና የአምልኮ ቦታ ነጥብ አይሰጣቸውም፤ መጀመሪያውኑ ከካርታው ይውጡ። ለቀሩት መስፈርቶች በቶማስ ሳቲ ዘዴ፣ ማለትም ሁለት ሁለቱን እያወዳደርሽ፣ ክብደት ስትሰጪ የወጥነት መለኪያው (ፍርድሽ እርስ በርሱ አለመጋጨቱን የሚያሳየው ቁጥር) ከ0.1 መብለጥ የለበትም። ፈታኙ ግን በዚህ አይለቅሽም። «ለውሃ ይህን ያህል ለምን ሰጠሽ?» ይልሻል። ክብደቱን ከፍና ዝቅ አድርገሽ ሞክሪ። ቢቀያየርም ከላይ የሚቀረው ቦታ ነው የሚታመነው።

ሥራውን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩትንና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልን ተከታተዪ። አሉቶ ላንጋኖ ላይ 7.3 ሜጋዋት የሚሆን ከእንፋሎት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የሙከራ ጣቢያ ተተክሏል። አይስላንድ ውስጥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ የሚሰጥ የጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት) ሥልጠናም አለ፤ ስድስት ወር ይፈጃል። እዚያ የሚገባው ግን መሥሪያ ቤቱ የላከው ሰው ነው። ስለዚህ ቀድመሽ የሙያሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ እግርሽን አስገቢ። የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ፕሮጀክት ላይ የጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ የመሥራት) ኮንትራት ብታገኚ እንኳ አትግፊው። ሙያው ያው ነው፤ ቦታ መምረጥ።

ባንኩንም አትናቂ። ቤት ውስጥ ያንቺ ደሞዝ የግድ ካስፈለገ ግቢበት፣ ትምህርቱን በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ሞክሪ። ቤተሰብሽ አንድ ዓመት ሊታገሥሽ ከቻለ ግን እኔ ኮንትራቱን እመርጥልሻለሁ፤ ሲቪሽ ላይ የሚናገርልሽ እሱ ነው። አማካሪ መምህር ስታነጋግሪም ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የተንዳሆንና የዳሎልን የውሃ፣ የመንገድና የሙቀት ካርታ በአንድ ገጽ ሠርተሽ ያዥ።