ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ዋንጫ የበላው ቡድን፦ ጥያቄና መልስ

የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 የውድድር ዘመን ዋንጫ በልቷል። እኔ የምኖረው ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ በኮሎምበስ ነው፤ ጨዋታ አያመልጠኝም። ስለዚያ ዘመን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው መልሴ። የባላንጣችን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነገር ሲነሳ ወሬዬ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለቴ የተሸነፈ ቡድን እንዴት ሻምፒዮን ይሆናል? በነጥብ አይደለም እንዴ?

አይደለም። መደበኛው ዘመን 12 ጨዋታ ነው። ከዚያ ኮሚቴ ተቀምጦ ወደ ጥሎ ማለፍ የሚገቡትን ይመርጣል። እስከ 2023 የሚመረጡት 4 ብቻ ነበሩ፤ በ2024 ቁጥሩ 12 ሆነ። ኦሃዮ ስቴት 10 አሸንፎ፣ 2 ተሸንፎ፣ 8ኛ ሆኖ ተደለደለ። የድሮው ሕግ ቢሆን ጥሎ ማለፉን ከቤቱ ሆኖ ነበር የሚያየው።

ጥያቄ፦ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የተሸነፉት ተጭበርብረው ነው የሚባለው እውነት ነው?

ማጭበርበር አልለውም፤ ብልጠት ነው። ኦክቶበር 12 ነበር፣ ውጤቱ 32 ለ 31። ጨዋታው ሊያልቅ 10 ሰከንድ ቀርቶታል፣ ኳሱ በኛ እጅ ነው። ሜዳ መግባት የሚፈቀደው ለ11 ሰው ሲሆን ኦሪገን 12 አሰለፈ። ቅጣቱ 5 ያርድ (4 ሜትር ተኩል ገደማ) ወደፊት ለኛ መስጠት ነው። ግን በዚያች ሙከራ 4 ሰከንድ አለቀ፤ እሱን የሚመልስ ሕግ አልነበረም። ለኛ 5 ያርድ፣ ለነሱ 4 ሰከንድ። ማን አተረፈ? አሰልጣኛቸው ዳን ላኒንግ በኋላ እንደ መሳቅ እያለ ተዘጋጅተንበት ነበር ብሏል። በቀናት ውስጥ ሕጉ ተስተካክሎ ሰከንዱ እንዲመለስ ተደረገ፤ ለኛ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ጥያቄ፦ ልጄ እዚያ ይማራል። ኖቬምበር ላይ ሜዳ ውስጥ ድብድብ ነበር ሲባል ሰምቼ ደነገጥኩ። ምን ሆኖ ነው?

እትዬ፣ አይስጉ፤ ልጅዎ ተመልካች ከሆነ ምንም አልነካውም። ነገሩ እንዲህ ነው። የኦሃዮ ስቴትና የሚሺጋን ጠብ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። በዚያ ሳምንት ግቢው ውስጥ ያለ «ኤም» የሚል ፊደል ሁሉ በቀይ ቴፕ ኤክስ ይደረግበታል። የሕንፃ ስም ሳይቀር! መጀመሪያ ሳየው ግቢው እድሳት ላይ መስሎኝ ነበር።

ኖቬምበር 30 ሚሺጋን ሲመጣ 6 አሸንፎ 5 የተሸነፈ ደካማ ቡድን ነበር። ሁሉም ሰው ውጤቱን አስቀድሞ ጨርሶታል። ግን የኛ አሰልጣኝ ራያን ዴይ ምን አደረገ? ዳር ላይ ጄረማያ ስሚዝን የመሰለ ተአምረኛ ኳስ ተቀባይ አቁሞ፣ ኳሱን መሃል ለመሃል ማስሮጥ ያዘ። የሚሺጋን ጥንካሬ ደግሞ መሃሉ ላይ ነው። ግድግዳን በጭንቅላት እንደ መምታት ነው። በዚያ ላይ የኛ መቺ ሁለት ፊልድ ጎል (ኳሱን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መሃል ማሳለፍ፣ 3 ነጥብ ነው) ሳተ። 45 ሰከንድ ሲቀር እነሱ አስቆጠሩ፤ 13 ለ 10 ተሸነፍን። በተከታታይ አራተኛ ዓመት!

ከዚያ የሚሺጋን ልጆች ባንዲራቸውን መሃል ሜዳ ሊተክሉ መጡ። የኛዎቹ ተንደረደሩ፣ ጃክ ሶየር የሚባለው የዚሁ አካባቢ ልጅ ባንዲራውን ነጥቆ ወረወረው። ፖሊስ በርበሬ እስኪረጭ ደረሰ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር ተቀጡ።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ ምን ነካቸው? ሌላ ቡድን ነው የመሰሉኝ።

ኳሱን ለስሚዝ መስጠት ጀመሩ፤ በቃ። በጥሎ ማለፉ ቴነሲን በኮሎምበስ ብርድ 42 ለ 17 አሸነፉ። ያንኑ ኦሪገንን ሮዝ ቦውል በሚባለው ስታዲየም 41 ለ 21፣ ያውም 34 ለ 0 ከመሩ በኋላ።

ጥያቄ፦ የምርጦች ምርጥ ቅጽበት?

ግማሽ ፍጻሜው፣ ከቴክሳስ ጋር። 21 ለ 14 እየመራን እነሱ ከኛ መስመር 1 ያርድ ላይ ደረሱ። መስመሩን ለመሻገር ያላቸው አራት ሙከራ ነው። ሁለተኛው ሙከራቸው 7 ያርድ ወደ ኋላ መለሳቸው። በአራተኛው ሶየር ኳርተርባካቸውን (ኳስ አቀባያቸውን) ኩዊን ዩወርስን ከእጁ ኳስ አስጥሎ አነሳና 83 ያርድ እስከ እነሱ መስመር ሮጠ። ቶችዳውን! 28 ለ 14። ሶየርና ዩወርስ በ2021 እዚሁ ኦሃዮ ስቴት አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። ያ ባንዲራ የነጠቀው ልጅ ነው እንግዲህ። እኔ ቡናዬን ሶፋው ላይ ደፋሁ።

ጥያቄ፦ ዋንጫውን የገዙት በገንዘብ ነው ይባላል።

ግማሽ እውነት አለው። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸው መነገድ ተፈቅዶላቸዋል። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ራሱ ለዚያ ዓመት ስብስብ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣ ተናግሯል። ኳርተርባኩ ዊል ሃዋርድ ከካንሳስ ስቴት፣ ተከላካዩ ኬለብ ዳውንስ ከአላባማ ነው የመጡት። ሶየር ግን አልተገዛም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሆኜ ፍጻሜውን ለማየት ስንት ሰዓት መነሳት ነበረብኝ?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል። እንቅልፍህን ብትመርጥ አልፈርድብህም።

ጥያቄ፦ ፍጻሜውስ?

ጃንዋሪ 20፣ 2025፣ አትላንታ። የኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲን 34 ለ 23 አሸነፍን። ሃዋርድ የመጀመሪያዎቹን 13 ኳሶች አንድም ሳይስት አቀበለ። 31 ለ 7 መርተን 31 ለ 23 ሲሆን ግን ሆዴ ተላወሰ። የመጨረሻዋን ፊልድ ጎል የመታው በሚሺጋኑ ጨዋታ ሁለት የሳተው ያው ልጅ ነው። ለእሱ ነው በጣም ደስ ያለኝ።

ጥያቄ፦ ዋንጫ ወይስ ሚሺጋንን ማሸነፍ?

እኔ ዋንጫ። ጎረቤቴ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ዋንጫው በመጣ ማግስት እንኳን ስለ 13 ለ 10ሩ ያወራ ነበር። በ2025 ሚሺጋኖች ከተማ አን አርበር ሄደን 27 ለ 9 ስናሸንፋቸው ግቢው ውስጥ ሥጋ ጠብሶ ሰፈሩን ጠራ። የዚያ ዘመን ዋንጫ ለኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ትንፍሽ አላለም።