«ክበቡን ልተወው?» ለደሴዋ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ደብዳቤው የመጣው ከደሴ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፤ ስሟንም ትቼዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ 17 ዓመቴ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ቤታችን ቀይ መስቀል ክበብ አባል ነኝ። ዘንድሮ ጸሐፊ እንድሆን መርጠውኛል፤ ገና እሺ አላልኩም። እናቴ "ክበብ እንጀራ አይሆንም፣ ደብተርሽን ያዢ" ትለኛለች። አምስት የምስክር ወረቀት አለኝ፤ ሁሉም "ስለተሳተፈች" ነው የሚሉት። ሲቪ ልጽፍ ስቀመጥ ግን ከአንድ መስመር አላለፈልኝም። ደም ልገሳ ሲኖር ስም የምመዘግበው እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑም እኔ ጋ ነው፤ ግን ይሄ ሥራ አይባልም። ክረምት ላይ ቅርንጫፉ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል እየተባለ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ናይሮቢ ለሚደረግ የወጣቶች ጉባኤ 4,500 ብር ከፍለን እንመዝገብ እያለችኝ ነው፤ ሊንኩን በቴሌግራም ልካልኛለች። ክበቡን ልተወው? ወይስ የቱን ልያዝ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርሽ። ክበቡን አትተዪ። ጸሐፊነቱን ግን ዘንድሮ አትቀበዪ። የክረምቱን ሥልጠና ውሰጂ። ለናይሮቢው ጉባኤ አምስት ሳንቲም እንዳትልኪ።

ከጸሐፊነቱ ልጀምር። በክበብ ውስጥ ካሉት ኃላፊነቶች ብዙ የሚያስተምረው እሱ ይመስለኛል። ሰብሳቢ ንግግር ያደርጋል፤ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው፣ ደብዳቤ የምታረቅቀው፣ የቀረ አባል ቤት ድረስ የምትደውለው ጸሐፊዋ ናት። በ10ኛ ክፍል ብትጽፊልኝ ኖሮ ሳታስቢ ተቀበይ እልሽ ነበር። አሁን ግን ቀን መቁጠሪያውን ተመልከቺ። የዓለም ቀይ መስቀል ቀን ሚያዝያ 30 ነው። ግርግሩ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የዓመቱ ሪፖርት ይመጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ባለፉት ዓመታት የተሰጠው ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ሐምሌ ውስጥ ነው። በ2016 ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2017 ትንሽ ተሻሽሎ 8.4 በመቶ ሆነ። እናትሽ የፈሩት ይህንን ነው፤ ፍርሃታቸው መሬት ላይ ያለ ፍርሃት ነው።

ስለዚህ የክበቡን ተጠሪ መምህር ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። «መመረጤ አስደስቶኛል፤ ግን ዘንድሮ ፈተና አለብኝ። ከ11ኛ ክፍል አንዲት ልጅ ትያዘው፣ እኔ እስክትለምድ አሳያታለሁ» በያቸው። እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ በተለይ ጓደኞችሽ እጅ አውጥተው ከመረጡሽ በኋላ። ግን ተቀብሎ ሚያዝያ ላይ መጥፋት ይብሳል። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ በሳምንት አንድ ከሰዓት ለክበቡ ይበቃዋል። ግንቦት ከገባ እሱንም አቁሚው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ዓረፍተ ነገር «ይሄ ሥራ አይባልም» ያልሽው ነው። ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?

ደም ልገሳ ቀን ምን እንደምትሠሪ አስቢው። ምርመራውንና ደም መውሰዱን የደም ባንክ ባለሙያዎቹ ይሠራሉ። ሰልፉን የሚይዘው ግን ማነው? ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ ትመዘግቢያለሽ። ዕድሜው 18 ያልሞላውን «ወንድሜ፣ አንተ ለከርሞ» ብለሽ ሳታሳፍሪው ትመልሻለሽ። ደም ከሰጠ ሦስት ወር ሳይሞላው እንደገና የመጣውን ትለያለሽ። መርፌውን አይቶ ላብ ያጠመቀውን ጎረምሳ ውሃ ሰጥተሽ ታረጋጊያለሽ። የሰው የግል መረጃ እጅሽ ላይ ነው፤ ለጓደኛሽ አታወሪም። ይህን ሆስፒታል ውስጥ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሲሠራው ደሞዝ ይከፈለዋል። ባንክ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅም የምትሠራው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሣጥኑም እንደዚያው ነው። ፋሻ፣ ጎዝ፣ ጓንት፣ ፕላስተር፣ መቀስ አለበት። ምን ስንት እንደቀረ ታውቂያለሽ? የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበትን ትለያለሽ? ጓንት ሲያልቅ ማንን ነው የምትጠይቂው? መልሱ አዎ ከሆነ የንብረት አያያዝ ሥራ እየሠራሽ ነው። መልሱ አይደለም ከሆነ ከነገ ጀምሪ። አንድ ደብተር ግዢ። በአንድ በኩል የገባውን፣ በሌላው የወጣውን፣ ቀኑንና የወሰደውን ሰው ስም ጻፊ። የደም ልገሳውንም እንዲሁ፤ መቼ፣ የት፣ ስንት ሰው ተመዘገበ የሚለውን ብቻ። የለጋሾቹን ስም ቤትሽ እንዳትወስጂ፤ እሱ የአንቺ አይደለም።

ይህ ደብተር ካለሽ ሲቪሽ ራሱ ይጻፋል። አሁን «የቀይ መስቀል ክበብ ንቁ ተሳታፊ» ብለሽ የጻፍሽ ይመስለኛል፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። አንብቦ የሚቀጥር ሰው ከዚያ ምንም አያገኝም። በዚያ ፋንታ እንዲህ ብትይስ፦ «በትምህርት ቤት ቀይ መስቀል ክበብ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ። በደም ልገሳ ቀናት የለጋሾች ምዝገባና ሰልፍ አስተባባሪ። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ኃላፊ፤ የዕቃ ገቢና ወጪ መዝገብ ይዣለሁ።» ከሥር የተመዘገቡትን ሰዎች ቁጥር ከደብተርሽ ትጨምሪበታለሽ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን አትፈሪ። 40 ሰው መዝግቤያለሁ የምትል ልጅ፣ ብዙ ሕዝብ አገልግያለሁ ከምትለው ይልቅ ትታመናለች።

አምስቱን የምስክር ወረቀት አትጣያቸው፤ ግን ብዙ አትጠብቂባቸው። ስለመገኘት ብቻ የሚናገር ወረቀት አገር ሞልቷል። አንዳንዱ ሰው ሥልጠና የሚሄደው ለአበሉና ለቲሸርቱ ነው፤ ቀጣሪዎችም ይህን ያውቃሉ። የሚያስፈልግሽ ሌላ ወረቀት ነው፤ የአገልግሎት ደብዳቤ። የትምህርት ቤቱ ወይም የቅርንጫፉ አርማ ያለበት፣ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት፣ ከመቼ እስከ መቼ ምን ሠራሽ የሚለውን በስም የሚጠራ፣ ፊርማና ክብ ማኅተም ያረፈበት። ይህን 12ኛን ጨርሰሽ ከመውጣትሽ በፊት ጠይቂ። ተጠሪ መምህሩ ከተዛወሩ በኋላ የሚያውቅሽ ሰው ታጪያለሽ። ረቂቁን አንቺው ጽፈሽ ብትወስጂላቸው ደግሞ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ባዶ እጅሽን ከሄድሽ «ነገ ነዪ» ይበዛል።

አንድ ነገር ሳልደብቅሽ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ልምድ ሲቆጥር ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ደሞዝ የተከፈለበትና የሥራ ግብር የተቆረጠበትን ነው። የበጎ ፈቃድ ደብዳቤ እዚያ ዓመት አይቆጥርልሽም። የሚጠቅምሽ ሌላ ቦታ ነው፤ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ውስጥ፣ የነጻ ትምህርት ዕድል ስታመለክቺ፣ ወይም «0 ዓመት ልምድ» በሚል ማስታወቂያ ላይ እኩል ውጤት ካላቸው ልጆች ጋር ስትቀርቢ።

የክረምቱ ሥልጠና። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ነው የተቋቋመው፤ የመጀመሪያ እርዳታ ደግሞ ዋና ሙያው ነው። ስለዚህ ሥልጠናው በራሱ በቅርንጫፉ የሚሰጥ ከሆነ አያምልጥሽ። ስትመዘገቢ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ በሰው ቅርጽ በተሠራ አሻንጉሊት ላይ ልምምድ አለ ወይ? ልቡ የቆመን ሰው ደረት 30 ጊዜ ተጭኖ ሁለት ጊዜ እስትንፋስ መስጠትን በስላይድ አይቶ የሚችል ሰው የለም። ጉልበትሽ እስኪደክም መጫን አለብሽ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው ፍጥነቱ፤ ሞክሪው፣ ከምታስቢው በላይ ያደክማል።

ወረቀቱ ነርስ አያደርግሽም። ይህን የምለው ሥልጠና ጨርሰው ሰፈር ውስጥ መርፌ መውጋት የሚያምራቸው ስላሉ ነው። ግን አንድ ነገር ያሳይሻል፤ ደም ስታዪ እጅሽ ይንቀጠቀጣል ወይስ ይረጋጋል። ተፈጥሮ ሳይንስ ላይ ያለሽ ልጅ ስለሆንሽ ይህን ቀድሞ ማወቅ ብዙ ዋጋ አለው። ከተረጋጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ብትገቢ የጤና ትምህርት ምርጫሽ በግምት አይሆንም። ውጤቱ ባይመጣም በር አልተዘጋም። ደሴ ላይ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ ዘንድሮ በየትኞቹ ሙያዎችና ደረጃዎች እንደሚቀበል ሄደሽ ማስታወቂያ ሰሌዳውን አንብቢ። በቴክኒክና ሙያ መንገድ ከሄድሽ ደግሞ ሥልጠናውን ጨርሰሽ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ማለፍ አለብሽ፤ ሥራ ቦታ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከተንቀጠቀጠ ደግሞ አትዘኚ። ምዝገባውንና ሣጥኑን የወደድሽ ልጅ ሒሳብ አያያዝ፣ የዕቃ አቅርቦት፣ የፋርማሲ ሥራ ሊስማማሽ ይችላል። ኮምቦልቻ በቅርብሽ ነው፤ ፋብሪካዎቹ መጋዘን የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ።

ሥልጠናው ከደሴ ውጭ የሚያስኬድ ከሆነ ግን ስለ መንገዱ ቀድመሽ ደውለሽ አጣሪ። ማን ይዟችሁ እንደሚሄድ፣ የት እንደምታድሩ እናትሽ በስልክ ከአስተባባሪው አፍ ይስሙ። ይህን ሲጠየቅ ፊቱ የሚጠቁር አስተባባሪ ካለ አብረሽው አትሂጂ።

ክረምቱ በሥልጠና ብቻ አያልቅም። ወረዳችሁ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲያዘጋጅ ችግኝ ተከላው፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደሱ፣ የማጠናከሪያ ትምህርቱ አለ። እኔን ከጠየቅሽኝ ማጠናከሪያ ትምህርቱን ምረጪ። ችግኝ መትከል አንድ ጠዋት ነው፤ ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ማስተማር ግን በየሳምንቱ መዘጋጀት ይጠይቃል፤ ራስሽም ትማሪበታለሽ። ቤት እድሳት ላይ ከሄድሽ ደግሞ ጭቃውን አቡኪ። አሮጊቷን ዱቄት አስይዞ ፎቶ የሚያነሳ ቡድን ውስጥ አትቁሚ። ፎቶ ከተነሳም ፈቃዳቸውን ጠይቂ፤ ድህነታቸው የአንቺ ፌስቡክ ላይ መውጣት የለበትም።

ናይሮቢን እንጨርሰው። ለመመዝገቢያ ገንዘብ በግለሰብ ቁጥር ላኩ የሚል፣ አዘጋጁ ማን እንደሆነ በግልጽ የማይናገር፣ «ዛሬ ማታ ይዘጋል» እያለ የሚያጣድፍ ሊንክ በዘጠኝ ዓይነት ቀለም ቢያምርም አጭበርባሪ ነው ብለሽ ተነሺ። ጓደኛሽን አትውቀሻት፤ እሷም ተስፋ አድርጋ ነው። ሁለታችሁም አብራችሁ አዘጋጁን ድርጅት በስሙ ፈልጉትና በራሱ ድረ ገጽ ላይ ጉባኤው ካለ እዩ። 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ ድንበር የሚያሻግር ዕድልም ዕድል አይደለም።

እውነተኞቹ አሉ፤ ግን አብዛኞቹ 18 ዓመት ይጠብቃሉ። የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት በጎ ፈቃደኝነት ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ቤትሽ ተቀምጠሽ ትርጉም ወይም የመረጃ ሥራ ትሠሪያለሽ። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ከ18 እስከ 35 ነው፤ እሱ ግን ትምህርት ከጨረስሽ በኋላ ይሻላል። እስከዚያ ድረስ ስልክና ኢንተርኔት ካለሽ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ ነው። ከፈተናው በኋላ ዳታ ስለመተንተን የሚያስተምረውን ሞክሪው፤ የደም ልገሳ መዝገብሽን ወደ ኤክሴል ስትገለብጪው ይገባሻል።

ክረምቱን ደሞዝ ያለው ሥራ ለመሥራት ካሰብሽም ይቻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት ጀምሮ መቀጠር ይፈቅዳል፤ 18 እስኪሞላሽ ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ሊያሠሩሽ አይችሉም። ካፌ ውስጥ እስከ ምሽት ቁሚ የሚልሽ ካለ ይህን ቁጥር ጥሪለት።

ለእናትሽ ደግሞ ይህን ደብዳቤ አታንብቢላቸው፤ አይጠቅምም። በምትኩ የጥናት ፕሮግራምሽን ጻፊና ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ክበቡ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት እንደሆነ እሱ ላይ ይታይ። በዚያ ሰዓት ቤት ግቢ። ለሁለት ወር ካላዛነፍሽ ስለ ክበቡ የሚነሳው ክርክር ይቀንሳል። የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ውጤትሽንም ላኪልኝ፤ ፊዚክስ ላይ እንዴት እንደሆንሽ አልነገርሽኝም።