ማፋጠንን በምን ልተካው ላልከው

ወንድሜ፣ የቆጣሪ ማመልከቻ እየፃፍኩ ማፋጠን የሚለውን አራት ቦታ ደገምኩት ሌላ ተመሳሳይ ቃል ስጡኝ ላልከው፣ እኔ እዚህ ጅማ ፎቶ ኮፒና ፅህፈት ቤት ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስለምተይብ ትንሽ ልበል። ሰው ማቻኮል ማጣደፍ ማቀላጠፍ ማሳለጥ እያለ ይደረድርልሃል፣ ግን አንዱን አውጥተህ ሌላውን ዝም ብለህ አትከትም።

መጀመሪያ የሚፈጥነው ስራው ነው ወይስ ሰውየው? ጉዳይ ይፋጠናል፣ ሰው ግን ይቸኩላል ይጣደፋል። ፈጣን ልጅ ብትለኝ ደስ ይለኛል፣ ችኩል ካልከኝ ግን ሰድበኸኛል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውስ ለምን ሆነና። ስለዚህ "ባለሙያው እንዲቸኩልልኝ" ብለህ ከፃፍክ አበላሽቶም ቢሆን ይስራልኝ ያልክ ነው የሚመስለው። ማጣደፍ ይብሳል፣ ማስጨነቅ አለበት፣ በጥያቄ አጣደፈኝ፣ ትኩሳት አጣደፈው እንላለን። አጣዳፊ ጉዳይ ሲባል ግን ክፋት የለውም፣ ጊዜ የማይሰጥ ማለት ነው።

ማቀላጠፍ የኔ ምርጫ ነው። አማርኛውን ታቀላጥፈዋለች ስንል ፈጥና ታወራለች ብቻ አይደለም፣ ሳትደናቀፍ ነው። ወረቀትህ ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተተ ከሆነ "አሰራሩ እንዲቀላጠፍልኝ" በል። ማሳለጥ የመንገድ ማሳለጫ እንደሚባለው ነው፣ መተላለፊያ መክፈት፣ ለመስሪያ ቤት ሪፖርት ያምራል ለአንድ ቆጣሪ ግን በዛ።

በአፍ ማ አፋጥን ይላል? ቡና ያዘዘ ሰው "ፈጠን አርጊልን" ነው የሚለው። እኛ ጋ ጅማ መርካቶ ታክሲ ላይ ረዳቱ በኦሮምኛ ደፊ ደፊ ሲል ለጅማ እንግዳ የሆነ ወንድ አንቺ የተባለ ይመስለዋል፣ ኦሮምኛው እኮ እዛ ላይ ፆታ አይለይም፣ ቶሎ በል ነው። እንደዚህ አይነቱ ሰው ላይ የሚጮህ እንጂ ወረቀት ላይ የሚገባ አይደለም።

ሌላ አደራ፣ ስትተይብ ነ እና ጠ እንዳታምታታ። "ጉዳዬን እንዲያፋጥጡልኝ" የሚል ወረቀት እጄ ገብቶ ያውቃል ሃሃ፣ ማፋጠጥ ፊት ለፊት ይዞ በጥያቄ መውጫ ማሳጣት ነው እኮ።

አንተ ግን አራቱንም አትተካቸው፣ ሁለቱን ሰርዛቸው። "ክፍያ የፈፀምኩ ስለሆነ የቆጣሪ ገጠማው እንዲፋጠንልኝ" አንዴ፣ ከታች "በአፋጣኝ ምላሽ እንዲሰጠኝ" አንዴ፣ በቃ። በአስቸኳይ የምትለዋን ቤትህ ታማሚ ወይ የሚበላሽ እቃ ከሌለ አትንካት፣ ሁሉም ስለሚፅፋት ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። የከፈልክበትን ቀን ግን ፃፍ፣ ደረሰኙንም ኮፒ አርገህ አያይዝ።